ግራ መታጠፊያዋ

ጋዜጣው ስለ ባለቤቴ የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። በአገሩ የመጀመሪያዋ ሴት አብራሪ እሷ ነበረች። ፖስታና መድኃኒት ጭና ከሃያ ዓመት በላይ በርራለች። አርባ ሦስት ሰው አስተምራ ለፈቃድ አብቅታለች። ፎቶግራፉም እሷው ናት፤ የቆዳ ቆቧን በእጇ ይዛ፣ ፀሐይ ስላስቸገራት ፊቷን ቋጠር አድርጋ።

ስለ እኔ የወጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ውሸት ነው። «መካኒክ የነበሩት ባለቤቷ፣ ገና እጮኛዋ ሳሉ፣ ሌላው ሁሉ ሲያሞግሳት ጉድለቷን ፊት ለፊት የነገሯት ብቸኛ ሰው ነበሩ» ይላል። ጋዜጠኛው አልዋሸም። ለጋዜጠኛው የነገሩት ተማሪዎቿም አልዋሹም። ለተማሪዎቿ የነገረቻቸው እሷም አልዋሸችም። ውሸታሙ እኔ ነኝ።

እኔ የጽሕፈት ሰው አይደለሁም። ማንበብ የተማርኩት ከሞተር መመሪያ ላይ ነው፤ መጻፍ ደግሞ ከጥገና መዝገብ ላይ። ስለዚህ ይህንንም የምጽፈው እንደ ጥገና ማስታወሻ ነው፤ ምን ተበላሸ፣ ማን አበላሸው።

ያኔ የአውሮፕላኖቻችን ክንፍ ከእንጨትና ከሸራ ነበር የሚሠራው። ሸራው በእንጨቱ አጥንት ላይ ተወጥሮ ሰም በተቀባ ክር ይሰፋል፤ ከዚያ እንዲጠነክር ቀለም ይቀባል። ሰፊያችን ጡረታ ሲወጣ አለቃችን ከገበያ አንድ ልብስ ሰፊ ለምኖ አመጣ። ሰውየው ክንፉን ዞሮ ዞሮ አየና «እኔ የማውቀው ሱሪ ነው። የዚህ እግሩ በየት በኩል ነው?» አለ።

ከኋላው የቆመችው ልጁ ሳቀች። ወደ ክንፉ ጠጋ ብላ ሸራውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና «አባባ፣ ይሄ እኮ ትራስ ነው። ትልቅ ትራስ» አለችው።

በማግሥቱ እሷ ሥራ ጀመረች።

ክንፍ የሚሰፋው በጎኑ ቆሞ ነው፤ ሁለት ሰውም ይፈልጋል። አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ። ከወዲህ ያለው ረጅሙን መርፌ ይሰዳል፣ ከወዲያ ያለው ተቀብሎ ከአጥንቱ ማዶ ይመልሳል። በመካከል ሸራው ስላለ አንዱ ሌላውን አያየውም። መርፌ ለመመለስ አለቃዬ የመደበው እኔን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን መርፌዋን ተቀብዬ ክሩ ላይ ያለውን ሰም ሳይ ዘገየሁ።

«አለህ?» አለች ከማዶ።

«አለሁ።»

«ታዲያ መርፌዬን መልስልኛ። ልታገባት ነው እንዴ?»

የሞተሩ ክፍል ሰዎች በሳቅ ሞቱ። እኔ ማንም በማያየኝ ቦታ ቆሜ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

ሦስት ወር እንዲህ ሠራን። ፊቷን ከማውቀው ይልቅ አተነፋፈሷን አውቅ ነበር። ቋጠሮ ስታጠብቅ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሲጠብቅላት ትለቀዋለች። አንድ ቀን መርፌው አውራ ጣቴን ወጋኝና የደም ጠብታ ሸራው ላይ ቀረ። ዞራ መጣች፣ ጣቴን አየች፣ ከዚያ ነጠብጣቡን አየች።

«ልጠበው?» አልኳት።

«ተወው። ቀለም ይሸፍነዋል» አለች። ጣቴን ግን ቶሎ አልለቀቀችም። እኔም አልጎተትኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ክንፉ ተገጠመ። እሷ አሰልጣኙ ፊት ቆመችና «የሰፋሁት እኔ ነኝ። አየር ላይ ስፌቱ ምን እንደሚሆን ማየት አለብኝ» አለች። አሰልጣኙ ሽማግሌ ነበር፤ ሳቀና አሳፈራት። ሲያርፉ ዘይት በርሜሉ ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች።

«እሺ፣ ስፌቱስ እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ስፌቱን ረሳሁት» አለች።

መብረር የተማረችው እንዲህ ነው። በሥራ ቀን ትሰፋለች፣ ቅዳሜ ጠዋት አሰልጣኙ ያወጣታል። አሰልጣኙ ከሷ በፊት እንዲህ ዓይነት እጅ አላየሁም ይል ነበር። እኔም አባቷ ዘንድ ሄጄ እሷን ለጋብቻ ጠየቅሁ። ልብስ ሰፊው ከእግሬ እስከ ራሴ በዓይኑ ለካኝና «ወረቀቷን ታግኝ። የአብራሪነት ፈቃዷን ባገኘች በወሩ ሠርጉ ይሆናል። ልብስህን እኔ ራሴ እሰፋዋለሁ» አለ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ።

በእኛ የጥገና ቤት አንድ ደንብ ነበር፤ የጠገነ ይሳፈራል። አንድ አውሮፕላን ከተጠገነ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ የጠገነው መካኒክ የፊተኛው መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ብሎን ሲያጠብቅ ለራሱ ነፍስ ብሎ እንዲያጠብቅ ነው። ጥሩ ደንብ ነው።

እኔ ግን ከፍታ እፈራ ነበር። ከጣራ ወድቄ አላውቅም፣ ማንም አስደንግጦኝ አያውቅም። ምክንያት የለውም። መሰላል ላይ ሦስተኛው እርከን ስደርስ እጄን ከመሰላሉ ማላቀቅ ያቅተኛል። ይህን ማንም አያውቅም ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ጎማ፣ በውፍረቱ ነው እንዲህ ያልነው፣ መብረር ይወድ ስለነበር በእኔ ቦታ እሱ ይሳፈር ነበር፤ እኔ ደግሞ የእሱን የዘይት ገንዳ አጥብለት ነበር። ሰዉ ሁሉ ደግ ሰው ነው ይለኝ ነበር። ስድስት ዓመት ደግ ሰው ሆኜ ኖርኩ።

የፈተናዋ ዋዜማ የዘይት ፓምፑ ማፍሰስ ጀመረ። አውጥቼ አዲስ ገጠምኩ። የመጨረሻውን ብሎን ሳጠብቅ ነው ነገሩ የታየኝ፤ ጎማ ለእህቱ ሠርግ ሄዷል።

ጠዋት ፈታኙ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣ። ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነበር፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቷል። አባቷ ለዚያ ቀን የሰፋውን ኮት ለብሶ መጥቷል፤ ሜትሩን ግን ከአንገቱ ማውለቅ ረስቶታል። አሥራ አንድ መካኒክ ተሰልፎ ቆሟል።

«ማነው የጠገነው?» አለ ፈታኙ።

«እሱ ነው» አለ አሰልጣኙ ደስ ብሎት። «እጮኛዋም ነው።»

«እንግዲያው ይሳፈር።»

እሷ ከኋላ መቀመጫው ላይ ነበረች። የፊተኛውን ቀበቶ አስተካክላ ዘርግታልኛለች። ዞር ብላ «ና እንጂ። መርፌ ብቻ ነው እንዴ የምትቀበለኝ?» አለች።

አንድ እግሬን ክንፉ ሥር ያለው መርገጫ ላይ አወጣሁ። ከዚያ መልሼ መሬት ላይ አደረግሁት።

«አልሳፈርም።»

«ሞተሩ ችግር አለበት?» አለ ፈታኙ።

«የለበትም። ሞተሩ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምንድን ነው? አብራሪዋ ናት?»

«እፈራለሁ» ማለት አንድ ቃል ነው። ልናገረው አፌን ከፈትኩ። አሥራ አንዱ ሰዎች ያዩኛል። ነገ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ ታወቀኝ። አንገቴን ደፋሁና ዝም አልኩ። ፈተናዋን የገደለው ያ ዝምታ ነው።

አሰልጣኙ «እኔ እሳፈራለሁ» አለ።

«እርስዎ ከተሳፈሩ ማንን እየፈተንኩ እንደሆነ አላውቅም» አለ ፈታኙ። መካኒኮቹን ዞሮ አየ። ማንም ንቅንቅ አላለም። አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ «እሱ ነው የሚያውቃት» ሲል ሰማሁ። ፈታኙ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ጻፈ። የጻፈውን በኋላ አይቼዋለሁ። «የጠገነው መካኒክና እጮኛዋ አብሯት ለመብረር አልፈቀደም። ፈተናው ተሰርዟል።»

ሞተሩን አጠፋችው። የፊተኛውን ቀበቶ አጥፋ መቀመጫው ላይ አስቀመጠችና ወረደች። በአባቷ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቃ ጠቀለለችው፣ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ክንፍ ቆመ፤ እሷ ከወዲህ፣ እኔ ከወዲያ። አሥር ቋጠሮ ያህል ሠራን።

«አለህ?» አለች።

«አለሁ።»

«ምን አይተህብኝ ነው?»

መርፌው በእጄ ነበር።

«አልቆጣም» አለች። «አሰልጣኙ ምንም የለብሽም ይለኛል። እሱ እንደ ልጁ ስለሚያየኝ ነው። አንተ ግን ማቆላመጥ አታውቅበትም። አንድ ነገር ባታይብኝ ኖሮ በአባቴ ፊት እንደዚያ አታደርገኝም። ንገረኝና ላርመው።»

ተቆጥታ ቢሆን እነግራት ነበር ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። እሱም እውነት መሆኑን አላውቅም።

«ግራ ስትታጠፊ» አልኩ። ለምን ግራ እንዳልኩ አላውቅም። ቀኝ ብልም ያው ነበር።

«ግራ ስታጠፍ ምን?»

«ትቸኩያለሽ። ክንፉን ቶሎ ትጥይዋለሽ።»

ከማዶ ትንፋሿን ያዘች። ብዙ ቆይታ ለቀቀችው።

«መርፌዬን መልስ» አለች። መለስኩላት። «አመሰግናለሁ» አለችኝ።

ከዚያ አሥራ ዘጠኝ ወር አለፈ። ፈታኙ በዘጠኝ በአሥር ወር አንዴ ብቻ ነበር የሚመጣው፤ አንዱን ዙር ደግሞ እሷው ራሷ ሳትፈተን አሳለፈችው፤ ገና ነኝ ብላ። ቅዳሜ ቅዳሜ አየር ላይ ወጥታ ወደ ግራ ትዞራለች፤ እንደገና ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ግራ። ጎማ ቀና ብሎ እያየ «ምነው፣ ቀኝ የሚባል ነገር ተከልክሏል እንዴ?» ይላል። ቤቷ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጣ የመጥረጊያ እንጨት በጉልበቶቿ መካከል አቁማ ትለማመድ እንደነበር አባቷ ነግሮኛል። እንጨቱን ቀስ አድርጋ ወደ ግራ ታዘነብለዋለች፤ ዓይኗን ጨፍና።

ስታርፍ በቀጥታ ወደ እኔ ነበር የምትመጣው። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ የመነጽሩ ጠርዝ ዓይኗ ዙሪያ ታትሞ።

«ዛሬስ?»

«ተሻሽሏል።»

«ግን?»

«ትንሽ ይቀራል።»

ለምን «ትንሽ ይቀራል» እንደምላት አንባቢ ሳይገባው አይቀርም። «ምንም አይቀርም» ካልኳት «እንግዲያው ተሳፈር» ትለኛለች። ስለዚህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ትንሽ አስቀርባት ነበር። እሷም ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ትሄዳለች። የሚያምር ነገር በእጅ ይዞ ጎድሏል ማለት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ሁለታችንም የምናልመውን ሠርግ እያዘገየሁ፣ አሰልጣኙን ውሸታም እያስመሰልኩ፣ እኔ እውነተኛ ሆኜ ቆሜያለሁ።

የያዘኝ ልብስ ሰፊው ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ አስጠራኝ። ለሠርጉ ያሰበው ጥቁር ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ነው። እጄን እንድዘረጋ አደረገና ደረቴን በሜትሩ ከበበው፤ አፉ ውስጥ ሦስት አራት ስፒል ይዟል።

«ልብህ ይመታል» አለ በጥርሱ መካከል።

«ሞቆኝ ነው አባባ።»

«ልብስ ሲጠብ የለባሹ ሆድ ነው ወይስ የእኔ ስፌት ብዬ ለይቼ አውቃለሁ። ልጄ አሥራ ዘጠኝ ወር የራሷን ስፌት ስትፈታ ኖረች። እውነት ጥፋቱ ከስፌቱ ነው?»

ሜትሩ ደረቴ ላይ ነው። እጆቼ ተዘርግተዋል። የትም መሄድ አልችልም።

«አባባ፣ እኔ ከፍታ እፈራለሁ።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ የስፒል መሰኪያዋ ትንሽ ትራስ ላይ ሰካቸው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ድሮም።»

«መሰላልስ?»

«ሦስተኛው እርከን ላይ ይይዘኛል።»

«የአውሮፕላን መካኒክ» አለ። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልሳቀም። ጨርቁን አጥፎ መደርደሪያው ላይ መለሰው። «ለእሷ አልነግራትም፤ አፍ አለህ። ይሄን ጨርቅ ግን እስክትነግራት መቀስ አይነካውም።»

ስለ ግራ መታጠፊያው አልጠየቀኝም። እኔም አላነሣሁም።

ለሁለተኛው ፈተና ያው ቀጭን ሰው መጣ። ያን ቀን የተጠገነ ነገር ስላልነበረ ደንቡ እኔን አይመለከትም፤ የፊተኛው መቀመጫ ባዶ እንዳይሆን ጎማ ቆቡን አድርጎ ለመሳፈር ተዘጋጅቷል። ከሰልፉ ወጣሁና ፈታኙ ፊት ቆምኩ።

«ባለፈው ያልተሳፈርኩት ከፍታ ስለምፈራ ነው» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር የወጣው። «ከስድስት ዓመት በላይ በእኔ ቦታ የሚሳፈረው ጎማ ነው። እሷ ላይ ያየሁት ነገር አልነበረም። ይህን ይጻፉልኝ። ዛሬ እኔ ልሳፈር።»

 ከሰልፉ አንዱ ፕፍ አለ፣ ከዚያ ሁሉም።

«እኔ ደግሞ ለእኔ አስቦ መስሎኝ» አለ ጎማ ቆቡን እያወለቀ። «ስንቴ ጸለይኩለት መሰላችሁ።»

እሷ አልሳቀችም። ከመቀመጫዋ ሆና ታየኛለች። ያ አስተያየት ዛሬም ድረስ ፊቴ ላይ አለ፤ ቁጣ ነበረበት፣ ግን ከቁጣው ሥር ሌላ ነገር እየፈለገች ነበር።

«ታዲያ የግራውስ?» አለች።

መናገሪያው ቦታ እዚያ ነበር። ምንም አልነበረበትም ብል አሥራ ዘጠኝ ወሯ ባዶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለእሷ ያሰብኩ መሰለኝ። አሁን ስሸመግል ሳስበው ግን በዚያ ሰዓት ሁሉን ነገር ተገፍፌ ቆሜ ነበር፤ አንዲት መልካም ነገር እንድትቀርልኝ ፈለግሁ።

«የግራው ሌላ ነው» አልኩ። «እሱ እውነት ነበር።»

ፊቷ በራ። «ግባ» አለችኝ።

ስንነሣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። መቀመጫውን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ የማስታውሰው የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው። በእኔና በእሷ መካከል የመነጋገሪያ ቱቦ ነበር፤ ድምፅዋ እንደ ጉድጓድ ውኃ ከሩቅ መጣ።

«አለህ?»

«አለሁ።»

«አሁን ግራ ልታጠፍ ነው። ዓይንህን ክፈትና እይልኝ።»

ከፈትኩ። ክንፉ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ፤ ሰው የተኛ ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚያስተኛ ያለ ነገር ነበር። ስፌቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድሯል። ከአንዱ አጥንት አጠገብ፣ ከቀለሙ ሥር፣ የጣቴ ደም አለ። ከክንፉ በታች ምድር በዝግታ ትዞራለች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ርጋታ አላየሁም።

«አየህ?»

«አየሁ።»

«ትንሽ ይቀራል?»

«ምንም አይቀርም» አልኩ።

ከቱቦው የመጣው ድምፅ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ነፋሱ አልለየልኝም። እኔ ወዲያው አዲሱ ሸሚዜ ላይ አስመለስኩ።

ወረቀቷን ያን ቀን አገኘች፤ ሠርጉም በወሩ ሆነ። የጥገና ቤቱ ሰዎች «መሬት» የሚል ስም አወጡልኝ። እሷ «መሬቴ» ትለኝ ነበር። ከበረራ ስትመለስ ከበሩ ጀምራ «መሬቴ፣ አለህ?» ትላለች። ከየትኛውም ክፍል ሆኜ «አለሁ» እላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት። ከዚያ ወዲህ የጠገንኩት ላይ ሁሉ ተሳፍሬያለሁ፤ በጭፍን ዓይን ቢሆንም።

ግራ መታጠፊያዋ የታወቀ ሆነ። ሰው ከታች ሆኖ አውሮፕላኑን ሳይለይ እሷን ይለያት ነበር። ለተማሪዎቿም የምታስተምረው ያንኑ ነው። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ወደ እኔ ታመጣዋለች። «ይሄን ሰው አየኸው? ሠርጋችንን እንደሚያዘገይበት እያወቀ ጥፋቴን ነገረኝ። እንደዚህ ያለ ሰው ካገኘህ አትልቀቀው» ትላለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ብሎን እፈልጋለሁ። ትሕትና ይመስላቸው ነበር።

ልነግራት የተነሣሁባቸው ቀናት አሉ። የመጀመሪያዋ ሴት ተማሪዋ ያለፈች ቀን አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ደስ ብሏት ነበር። ጡረታ የወጣች ቀን፣ አዝና ነበር። ሁልጊዜ ደስ ብሏት ወይ አዝና ነበር።

ባለፈው ወር፣ ከአልጋ መነሣት ካቆመች በኋላ፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል በየጊዜው በጎኗ አዞራት ነበር። አንድ ቀን ትከሻዋን ይዤ ወደ ግራ ሳዞራት «ቀስ» አለች። ዓይኗን ሳትከፍት ፈገግ አለች። «ግራ ስትታጠፍ ትቸኩላለህ።»

«ስሚኝ» አልኳት።

«እህ?»

«ያኔ፣ በሸራው ማዶ…»

ትንፋሿ ተለወጠ። ተኝታ ነበር። በሁለተኛው ቀን አረፈች።

ተማሪዎቿ ቤቴን ሞሉት። ሻይ ይቀዳል፣ ወንበር ይጨመራል። ከተማሪዎቿ ሁሉ ለእሷ ትቀርብ የነበረችው፣ የመጀመሪያዋ ሴት ተማሪዋ፣ አሁን እሷም ፀጉሯ ሸብቷል፤ ጋዜጣውን ይዛ ጮክ ብላ ታነብ ነበር። ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱ ውሸት ነው» አልኩ።

«ጋሼ፣ ሐዘን ነው» አለ አንዱ እጄን ይዞ። «ይረፉ ትንሽ።»

«ሐዘን አይደለም። ግራ መታጠፊያዋ ምንም አልነበረበትም። መፍራቴን ላለመናገር ከራሴ ፈጥሬ ነው የነገርኳት። በኋላ ፍርሃቴን ተናገርኩ፤ ያንን ግን ሳልናገር አገባኋት። ሳልናገርም ቀበርኳት።»

ተማሪዋ ጋዜጣውን አጠፈችው።

«አሥራ ዘጠኝ ወር» አለች።

«አዎ።»

«የመጥረጊያውን እንጨት ነግራኛለች። እኔም በዚያው ነው የተለማመድኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እኛ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ያረምነው ምኑን ነው?»

ሻይዋን ሳትነካው ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ያለች መሰለኝ፤ ኮቷን እየፈለገች ነበር። ደህና ይሁኑ ሳትለኝ ወጣች። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ወጡ። አልቀየምኳቸውም። በእሷ ፈንታ የሚቆጣልኝ ሰው ማግኘቴ ዕረፍት ነበረው።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ አውሮፕላን ሜዳው ሄጄ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። የጠዋቱን ፖስታ የምትወስደው ያቺው ተማሪ እንደሆነች አውቅ ነበር። መስመሯ ከተነሣች በኋላ ወደ ግራ ነው። አጥሩን በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅሁ። ያችን መታጠፊያ ዛሬ እንደማንኛውም ሰው ቆረጥ አድርጋ ብታልፋት ባለቤቴ ሁለተኛ ልትሞትብኝ ነው፤ ገዳይዋም የእኔ አፍ ነው።

ተነሣች። ከዛፎቹ በላይ ከፍ አለች። ጥቂት በቀጥታ ሄደች፤ ከሚገባውም በላይ ቆየች፣ የምታስብ ይመስል።

ከዚያ ክንፉ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ።

ለእኔ እንዳላደረገችው አውቃለሁ። ከአጥሩ ሥር መቆሜንም አታውቅም። እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ እስክትጠፋ ድረስ አየኋት። «ዛሬስ?» የሚለኝ ሰው አልነበረም። ቢሆንም መለስኩ።

«መጀመሪያውኑም ምንም አልጎደለውም» አልኩ።